የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ግዝት

ላሊበላ ላይ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን ለማጓጓዝ የሚጠራው መሪጌታ ገብረ ሊባኖስን ነው። መሪጌታ የተባለው ተመርቆ እንዳይመስላችሁ። ዜማ ቤት ገብቶ ድጓውን ሳያጋምስ የወጣ ዲያቆን ነው፤ ኋላ አይሱዙ ገዛ። አይሱዙ ያለውን ሰው ደግሞ በባዶ ስሙ የሚጠራ የለም። አልጋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የሆቴል ፍራሹን ከብልባላ እስከ ወልድያ ያደርሳል። ያደርሳል ስል ሠራተኞቹ ያደርሳሉ ማለቴ ነው፤ እሱማ ጋቢና ውስጥ ተደላድሎ "ቀስ! መስታወቱን!" እያለ ይጮኻል።

ጫኝና አውራጆቹ አራት ናቸው። ከሁሉም ጉልበታሙ ደሳለ ከሙጃ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። የቀን ሠራተኛ አዝመራ ሲደርስ ጥሎ መሄዱ ያለ ነገር ነው፤ መሪጌታ ግን ለዚህ መላ አበጅቶለታል። አዲስ ሰው ሲቀጥር ዳዊቱን አውጥቶ የመኪናው አፍንጫ ላይ ያስቀምጥና፣ "ሳላሰናብትህ እግርህን ብታነሳ በቅዱስ ላሊበላ፣ በነአኩቶ ለአብ ገዝቼሃለሁ!" ይላል። አለቀ። ቁልፍ የለ፣ ዘበኛ የለ። ደሞዝ የጠየቀ እንደሆነ "ልጅ ካባቱ ደሞዝ ይቀበላል እንዴ?" ብሎ ይቆጣል። አባትነቱ ለገና አንድ ሸሚዝ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሽሮ ነው። ደግ አባት!

ባለፈው ጥር አንድ የእርዳታ ድርጅት ዕቃ የሚያመላልስለት መኪና ፈለገ። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ግን ባለመኪናዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ስለ ዘመናዊ ባርነት አሠለጠነ። መሪጌታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እየመጠጠ ሰማ። "ሰው እንዲህ ይጨክናል? ኧረ የአረመኔ ሥራ!" አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። የባሰው እሱ ነው፤ ከልቡ መሆኑ።

በዚያው ሰሞን ለደሳለ ከሙጃ ስልክ ተደወለ። እናቱ ተኝታለች፤ ስሙን እየጠራች ነው፤ ቶሎ ይድረስ። ደሳለ ኮፍያውን አውልቆ ጌታው ፊት ቆመ።

"ጋሼ፣ እናቴን አይቻት ልምጣ። ያሰናብቱኝ።"

"የድርጅቱ ሴትዮ ለምርመራ ልትመጣ አይደል እንዴ! እሷን እንሸኛትና።"

ሴትዮዋ፣ ወይዘሮ ሰርካለም፣ በሦስተኛው ቀን ወረቀቷን ይዛ ግቢው ድረስ መጣች። መታወቂያቸውን ይዘህባቸዋል? አልያዝኩም። ትቆልፍባቸዋለህ? በሩን ይዩት፣ መቀርቀሪያም የለው። ትመታቸዋለህ? እግዜር ያሳይዎት! ወደ ደሳለ ዞራ "መሄድ ብትፈልግ የሚከለክልህ አለ?" አለችው። ምስኪን ደሳለ ምን ይበላት? ግዝት በየትኛው መስመር ይጻፋል? "ያሰረኝ የለም" አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ወረቀቱ ላይ ቦታው ሁሉ ምልክት ተደረገበት፣ መሪጌታም "ከግዳጅ ሥራ የጸዳ" የሚል ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ተሰጠው። ያን ለታ ሊሰቅለው ሚስማር ሲመታ መዶሻው ሦስቴ ጣቱን አገኘው፤ እሰይ!

"እህ፣ አሁንስ ልሂድ?" አለ ደሳለ።

"ነገ የአባ ወልደ ኪዳን ዕቃ አለ፤ የቄስ ዕቃ ጥለህ ልትሄድ ነው? ግዝቱን አትርሳ!"

አባ ወልደ ኪዳን ለላሊበላ ደብር ተመድበው ከኩልመስክ ጓዛቸውን የሚያነሱ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ደሳለ የመጻሕፍት ሣጥናቸውን ተሸክሞ ሲወጣ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል። አባ አስቆሙት።

"ምን ሆነሃል፣ ልጄ?"

"እናቴ ሙጃ ላይ ልትሞትብኝ ነው፣ አባቴ።"

"ሙጃማ ይሄው ጎረቤት! ምን ያቆምሃል?"

"ተገዝቼ ነው። መሪጌታ ገዝተውኝ።"

አባ መጀመሪያ የሰሙትን አላመኑም። ኋላ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ወደ ጋቢናው ሄዱ።

"ገብረ ሊባኖስ! ዲያቆን ከመቼ ወዲህ ነው የሚገዝተው? ይህን ሥልጣን ማን ሰጠህ? እኔ ቄሱ እንኳ ሰው እናቱን እንዳይጠይቅ ብገዝት፣ ግዝቱ በኔ ላይ ነው የሚመለሰው!"

አባ መስቀላቸውን አወጡ። "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ሂድ" ሲሉት ደሳለ ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ፣ መስቀሉን ተሳልሞ፣ በሙጃ መንገድ ሮጠ። የቀሩት ሦስቱ ተያዩ። "እኛስ፣ አባ?" አሉ። አባ እነሱንም ፈቷቸው። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ኩልመስክ ገበያ መሀል ከአንድ አልጋ፣ ከአምስት ሣጥንና ከተቆጡ ቄስ ጋር ብቻውን ቀረ። ሲሸከም ያየው ሕዝብ በሳቅ ሞተ።

በሳምንቱ ሸክም የጎዳውን ወገቡን በሻሽ አስሮ ሙጃ ወረደ። ለቅሶ ልደርስ ነው ይላል፤ ልቡ ግን ደሳለን ይዞ ሊመለስ ነው። እናትዮዋ ልጇ ሳይደርስ አርፋለች። ደሳለ የደረሰው በማግስቱ፣ ሬሳው ሊወጣ ሲል ነው።

መሪጌታ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ነጠላውን አስተካክሎ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረች የሟች ጎረቤት፣ ባንቺዓለም የምትባል፣ ማንነቱን ሳታውቅ ወሬ ጀመረችው።

"ከላሊበላ ነው የመጡት? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ አባቴ። ያቺ ምስኪን ዓይኗን በሩ ላይ ጥላ 'ልጄን ማን ያዘብኝ?' እያለች ነው ነፍሷ የወጣችው። ማን ነው የያዘው?"

መሪጌታ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ሥራ ነው የያዘው" አለ።

"ሥራውስ ስም የለውም?"

ከወዲያ ጥግ ደሳለ ተነሣ። በጣሳ ውሃ ቀድቶ አመጣና በሁለት እጁ አቀረበለት።

"ይጠጡ፣ ጋሼ" አለው። "ይጠጡና ይሂዱ።"