ከዳልቻ ላይ የወረደው

«ከሄሊኮፕተሩ ያወረዱት ጆንያ አይደለም፤ ሰው ነው!» አለች እናቴ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ በአያ ተገኘ ላይ ድምጿን ከፍ ስታደርግ የሰማኋት ያን ምሽት ብቻ ነው።

«ጆንያ ነው ብያለሁ። አንች እዚያ ነበርሽ እንዴ?» አሉ አያ ተገኘ።

«በፋሲካ ሰሞን ጄሪካን ነበር ያሉት። ትናንት ለልጆቹ ሲነግሩ ደግሞ የጥይት ሣጥን ሆነ። ዕቃው ለምን ይለዋወጣል?»

«ሽማግሌ አይረሳም?»

«የሄሊኮፕተሮቹን ስም ግን አንዱንም አልረሱ!»

አያ ተገኘ ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከፎገራ ወጥተው በጦር ሄሊኮፕተር ክፍል ቴክኒሻን ሆነው ሲሠሩ ኖሩ፤ ጡረታ ወጥተው ወረታ ሲመለሱ የሩዝ መፈልፈያ ቤቱ ዘበኛ ሆኑ። ያኔ ጀንበር ስትጠልቅ ትንኝ እንዳይበላን ከመፈልፈያው ጀርባ የሩዝ ገለፈት ያጨሱልን ነበር። ገለፈት ነበልባል የለውም፤ ከሥር ከሥር እየቀላ ቀስ ብሎ ይጤሳል። እኛ የሰፈር ልጆች ዐይናችን እያለቀሰ እንከባቸዋለን፣ እሳቸውም መብራት ከጠፋ ፋኖሳቸውን በርሜል ላይ ያስቀምጡና የክፍላቸውን ታሪክ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የክፍሉ ቴክኒሻኖች አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ስለነበሩ ሄሊኮፕተሮቹን በበሬ ስም ይጠሯቸው ነበር። መጀመሪያ የመጣው ቦራ ነው፤ በጎርፍ ተከበው ዛፍ ላይ የወጡ ሰዎችን ያነሳ እሱ ነው። ቀዮ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ተራራ ላይ ቀረ። ዳልቻ ግን በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረው ነው። እኔ ያኔ ሄሊኮፕተርን ከሩቅ እንጂ ቀርቤ አይቼ ስለማላውቅ፣ ሜዳችን ላይ ከሚግጡት በሬዎች ሦስቱ ተነስተው የበረሩ ይመስለኝ ነበር።

ዳልቻ ከመሄዱ በፊት ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይሞከራል አሉን። ቀኑ ከሞቀ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም ያቃስታል። ካቃሰተ ጭነት ይቀነሳል፤ የሚቀንሱት ደግሞ እሳቸው ነበሩ። «አንድ ዕቃ አወረድሁና ተነሳን» ይሉና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ።

እናቴ ሩዝ ልታስፈልፍል መጥታ ይህንን ሰማች። ከዚያ በኋላ እኔን ለመውሰድ እያለች ቀደም ብላ ትመጣና ግድግዳው ጥግ ቆማ ታዳምጥ ጀመር። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ጦርነት ቆስሎ ሄሊኮፕተር ላይ ሲጫን ጓደኛው አይቶታል። ከዚያ ወዲያ ሞተም ዳነም ያለ ሰው የለም። አያቴ ልጄ ሞተ ብላ አላለቀሰች፣ ተዝካሩን አላወጣች፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች።

እኔም ሳላስበው መጠርጠር ጀመርሁ። አያ ተገኘ ያቺ ወሬ ላይ ሲደርሱ ገለፈቱን ይቆሰቁሳሉ፣ ጭሱም ፊታቸውን ይሸፍነዋል። ከዚያ በማያስቅ ነገር ይስቃሉ። ሌሎቹ ልጆች አብረው ሲስቁ እኔ ዐይናፋር ስለሆንሁ ዝም ብዬ አያቸው ነበር።

ያን ምሽት እናቴ በኋላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አያ፣ እኔ ልከስዎት አይደለም። እናቴ አልቅሳ ትረፍ ወይስ ትጠብቀው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እቴ፣ ምን ብየ ልንገርሽ? ሞተሩ እየጮኸ ማን ማንን ይሰማል? ዕቃውን አወረድሁ፣ ድንጋይ ጥግ አስጠጋሁት፣ እንዲህ አልሁና ዘልየ ገባሁ።»

«እንዲህ» ሲሉ ቀኝ እጃቸው ተነሳ። መጀመሪያ መዳፋቸው ወደ መሬት ተዘረጋ፤ ቀጥሎ ጣታቸው ወደ ሰማይ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ወደዚያው ቦታ ተመለሰ። እዚህ ቆይ፣ እንመለሳለን ማለታቸው እንደሆነ ለእኔ ለልጅቷ እንኳ ገባኝ።

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «አያ፣ ጆንያውን ቆይ፣ እንመለሳለን ያሉት ለምንድን ነው?» አልሁ።

ሌላ ቀን ቢሆን እናቴ «አንች ልጅ፣ ዝም በይ!» ትለኝ ነበር። ያን ቀን አላለችኝም።

ዛሬ አድጌም ቢሆን፣ ያ ሰው አጎቴ ይሁን ሌላ፣ ተመልሰውለት ይሁን ትተውት፣ አላውቅም። አንዳንዴ እኔ ባልናገር ኖሮ አያ ተገኘ ቀስ ብለው ለእናቴ ይነግሯት ነበር እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ምንም የሚነግሩን አልነበረም እላለሁ። አያቴ አሁንም ውሻ ሲጮህ ቀና ብላ በሩን ታያለች፣ እኔም ያን ጊዜ ፊቷን ላለማየት ጎንበስ እላለሁ።

አያ ተገኘ ያን ምሽት ጥያቄዬን ሲሰሙ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ፋኖሱን ሳያነሱ፣ ገለፈቱን ሳያጠፉ ብድግ ብለው በእናቴ አጠገብ አለፉና፣ ሩዙ በታጨደበት ማሳ ላይ አቋርጠው ሄዱ።