የአስካለማርያም የእሮሮ ሚዛን

አስካለማርያም ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ኪዮስኳ የጠያቂዎችን ስልክና ቦርሳ እየተቀበለች ታስቀምጣለች። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልክ ይዞ አይገባምና፣ በእሷ እጅ ያላለፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዚህም የተነሳ ሰውን ገና ሲመጣ እንደምታውቀው ታምናለች። «የሚያወራውን ተዪና የሚደብቀውን እዪ» ትላለች። የምትደብቀው እሷም አላት። የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ሳቅ ሲመጣባት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች።

ልጇ እድላዊት የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ መጣች። ቀጥሎ ያለው የትምህርት ክፍል መምረጥ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ ከጥርስ ሕክምና ሌላ አልታይ ብሏታል። ችግሩ ቦታው ጥቂት ነው። ጥርስን አንደኛ ብሎ ሞልቶ ያልደረሰው ሰው፣ ሁለተኛ ያደረገውን ፋርማሲንም አንደኛ ብለው የሞሉት ቀድመው ሊይዙበት ይችላሉ። የእድላዊት ውጤት ጥሩ ነው። ግን የሌሎቹስ? እዚህ ሰፈር ውጤቱን ያወራ ሰው ዓይን ይጠራል ተብሎ ይፈራል፤ ማን ይናገራል?

«እሱን ለእኔ ተዪው» አለች እናት።

ሚዛን ነበራታ። በእሷ አስተያየት፣ በእውነት ልጇ የወደቀባት እናት ወሬ ትቀይራለች፤ ስለ ዘይት መወደድ፣ ስለ ውሃ መጥፋት ታነሳለች። ልጇ የሰቀለላት ግን «ተበላሸበት» እያለች ታለቅሳለች። እሮሮው በረዘመ ቁጥር ውጤቱም ከፍ ይላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አይደል የሚባለው።

እሑድ ሳሪስ አቦን ተሳልማ ስትወጣ ምርመራው ተጀመረ። አንዷ እናት አንገቷን ደፍታ «የኔዋማ ዓመቱን ሙሉ ተኝታ ነው የከረመችው» አለቻት። አስካለማርያም በሆዷ «የዚችስ ልጅ ሰቅላለች» አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ የእሷም ልጅ ከሰቀሉት ተቆጠረች። ገላን ኮንዶሚኒየም ደረጃው ላይ ያገኘቻት ጎረቤቷ አደሴ ደግሞ እንደ እድላዊት አንደኛ ዓመት የጨረሰውን የልጇን የሞቲን ነገር ስታነሳ ዓይኗን እስከ መጥረግ ደረሰች። አስካለማርያም ደነገጠች። እንዲህ የሚያስለቅስ ውጤት ሰምታም አታውቅ።

ተራዋ ሲደርስ ግን አልሰነፈችም። «የኔዋ እኮ የምታውቀውንም ረስታ ነው የመጣችው» ብላ ከአደሴ አስበልጣ አለቀሰች። አደሴ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወደ ቤቷም ፈጠን ብላ ገባች። ሚዛኑን የያዘችው አስካለማርያም ብቻ እንዳልነበረች የታወቀው ኋላ ነው። ሞቲ ያኑ ዕለት ጥርስን ከምርጫው አወጣ። እሱም ቢሆን ድሮም ደም ማየት ስለማይወድ አልከፋውም።

«ልጄ፣ አገሩ በሙሉ ሰቅሏል» አለች አስካለማርያም ቤት ስትገባ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ ፋርማሲን አንደኛ አድርጊ።»

«እሺ እማዬ» አለች እድላዊት።

እናቲቱን ራሷንም ከፋት። ልጇ ነጭ ጋዋን ለብሳ የሰው አፍ ስታክም ማየት ከእድላዊት ይልቅ የእሷ ምኞት ነበር፤ አሁን ግን በገዛ እጇ ከለከለቻት። እንዲያም ሆኖ ሚዛኗን አልጠረጠረችም።

ምደባው የወጣ ቀን እድላዊት ስልኳን ይዛ ወደ ኪዮስኩ መጣች። አንገቷን ደፍታለች።

«እማዬ፣ ተበላሸብኝ።»

አስካለማርያም የያዘችውን የሰው ቦርሳ አስቀመጠች። ፋርማሲም አመለጣት ማለት ነው?

«ዕድሌ ነው መቼስ» ቀጠለች ልጅቷ። «ምን ላድርግ፣ ጭንቅላቴም አልረዳኝ፣ ዓመቱንም ተኝቼ ነው የከረምኩት…»

እናት ጆሮዋን አቀናች። ይሄ እሮሮ ረዘመ። በእውነት የከፋው ሰው ይሄኔ ምሳ አለ ወይ ብሎ በጠየቀ ነበር። ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት፤ እድላዊት አፏን በመዳፏ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ» አለች አስካለማርያም ቀስ ብላ። «ጥርስን አንደኛ ሞልተሽ ነበር እንዴ?»

ልጅቷ መዳፏን ስታነሳ ሳቋ አመለጣት። አስካለማርያምም ሳቀች፤ ነጠላው ከትከሻዋ ወርዶ እስኪወድቅ፣ ስልክ ሊያስረክቡ የተሰለፉት ጠያቂዎች ዞረው እስኪያዩአት ሳቀች። ትዝ ሲላት አፏን ልትሸፍን እጇን አነሳች። እድላዊት ያዘቻት።

«ተይ አትሸፍኚው» አለቻት። «እስቲ ክፈቺ፣ ልየው።»