ከጥጉ ሥር የወጣው አፈር

ኦይታን የማውቀው በጀርባው ነው። እኔ ገብሬ እባላለሁ፤ ሥራዬ ፌራዮ ነው፤ ለኮንክሪት የሚሆነውን ብረት አጥፌ አስራለሁ። እሱ ግንበኛ ነው። ሥራ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አገኘዋለሁ። አንድ እፍኝ አሸዋ ያነሳል፣ ይጨብጣል፣ ይለቀዋል፣ ዝም ይላል። አርባ ምንጭ ውስጥ ስንቱን ባለቤት በዚህ ዝምታው እንዳናደደ እኔ ነኝ የማውቀው። "መሬቱ ጠንካራ ነው ወይስ አይደለም?" ሲሉት እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግና "ውሃው የት ጋ እንደሚቆም ልየው" ይላል። የቸኮለው ሌላ ግንበኛ ፈልጎ ይሄዳል።

የተወለደው ደጋው ላይ፣ ገረሴ ነው። እዚያ ትንሽ ከተቆፈረ ጠንካራው መሬት ይገኛል። በወጣትነቱ ወደ ቆላ ወርዶ ከኩልፎ ወንዝ ዝቅ ብሎ በቀን ሠራተኝነት ሲቆፍር ግን፣ ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ የተወውን አካፋ ከምሳ መልስ ውሃ ውስጥ አገኘው። ባለቤቱ "ጨምራችሁ ቆፍሩ፣ ጠንካራውን አግኙልኝ" አለ። ቆፈሩ። ጎኑ ይናዳል፣ ውሃው ይገባል፤ ጉድጓዱ ሰፋ እንጂ አልጠለቀም። "ያን ቀን ገባኝ" ይላል ኦይታ። "ደጋ ላይ ቤት ይተከላል፤ እዚህ ግን ይንሳፈፋል።"

ስለዚህ የሱ መሠረት ጥልቅ አይደለም። የላላውን አፈር አንስቶ ጠጠር ይሞላል፣ በየንብርብሩ ይጠቀጥቃል፣ ውሃው የሚሄድበት ቦይ ያወጣል። ከዚያ በላይ ጠርዙ ወፈር ያለ አንድ ወጥ የኮንክሪት ወለል ይፈሳል። ቤቱ እንደ ጀልባ አንድ ላይ ይቀመጣል። ሰው ሲያየው "ይቺ ናት መሠረት?" ብሎ ይደነግጣል። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ስለ አሸዋና ስለ ዓለት በተሰበከ ቁጥር ምእመኑ ዞሮ የሚያየው እሱን ነው። እሱም ይስቃል።

መሳቅ ያቆመው በሲላስ ቤት የተነሳ ነው። ሲላስ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የኦይታ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ እሱም የገረሴ ልጅ። ኮንክሪቱ ሊፈስ አንድ ቀን ሲቀረው እናቱ እማማ አገኘሽ ከገረሴ በአይሱዙ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ነገር ጭነው መጡ። እኛ ለሠራተኛ ድንች መጣ ብለን ደስ አለን። ምሳ በልተን ስንመለስ ማዳበሪያዎቹ የሉም፤ ድንችም አልቀመስንም። እኔማ "ለልጃቸው ደበቁት" ብዬ አማኋቸው።

ቤቱ አለቀ፣ ተገባበት። ዝናቡ መጥቶ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ሲል ግን የመኝታ ቤቱ ጥግ ሰመጠ፤ ወለሉ ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁም ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ሲላስ ቢሮ ሲገባ "ኦይታ ጉድ ሠራኝ"፣ ገበያ ሲወጣ "ኦይታ ጉድ ሠራኝ" ሆነ ወሬው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ለኦይታ ቃል የገቡለትን የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ሥራ ሽማግሌዎቹ "ትንሽ እንቆይ" አሉት። ስልኩም ዝም አለ። ኦይታ አልተከራከረም፤ ሲላስ ቤት ሄዶ "ጥጉን ልክፈተውና ልየው" አለው።

ጥጉን በአንድ ጊዜ አልከፈትነውም፤ ቤቱ ይወርድብናል። ትንሽ ቆፍረን ያንን ሞልተን፣ ሲጠነክር ደግሞ ከጎኑ እንቀጥላለን። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ የኦይታ ዶማ ጠጠር መምታት ሲገባው ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ። ጥቁር አፈር ወጣ፤ ፍግና የበሰበሰ የእንሰት ሥር ያለበት፣ በረት በረት የሚሸት። ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ አፈር የለም። ኦይታ ጨበጠው፣ ለቀቀው፣ አሸተተው። "የገረሴ ጓሮ ነው" አለ።

ሁለቱ ማዳበሪያዎች ትዝ አሉኝ። ቀና ስል እማማ አገኘሽ በሩ ላይ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ለኦይታ በጋሞኛ ቀስ ብለው ነገሩት፤ ኋላ የተረጎመልኝ እሱ ነው። "የአባቱ ጓሮ አፈር ነው። ከቤቱ ሥር ካልገባ ልጄ በዚህ አገር እንግዳ ሆኖ ይቀራል ብዬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ባዕድ አምልኮ ይሉብኛል፤ እባክህ አትንገርብኝ።"

ማታ ሲላስ መጥቶ "ምን ተገኘ?" አለ።

"ጥጉ ላይ ሙሌቱ ላልቶ ነበር" አለ ኦይታ። "አሁን ይስተካከላል።"

"ያው ያልኩት ነው እንግዲህ፤ በደንብ አልጠቀጠቃችሁትም" አለ ሲላስ።

ደሜ ፈላ። ስንወጣ ኦይታን መንገድ ላይ ያዝኩት። "አንተ ሰው፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል! ለምን አትናገርም?"

"ገብሬ፣ የኔን ስም ሠርቼ እጠግነዋለሁ" አለኝ። "እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው በምን ይጠግኑታል?"

እኔ ብሆን ሲቀላ ሰፈር፣ ገበያ መሃል ድምፅ ማጉያ ተከራይቼ እናገር ነበር። እሱ ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ የወጣውን አፈር በማዳበሪያ ሞልቶ በትከሻው ወሰደው። ኩልፎ ወንዝ ሊጥለው ነው ብዬ አሰብኩ እንጂ አልጠየቅሁትም፤ ተናድጄበት ነበር።

ጥገናው አልቆ ሌላ የዝናብ ወራት አለፈ፤ ጥጉ ንቅንቅ አላለም። ሲላስም የምስጋና ጸሎት አዘጋጀ። እኔ የነሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፤ ግን ተጠራሁና ከኦይታ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳሎኑ ሞልቷል። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ሽማግሌው ምስክርነት ያለው ይነሳ አሉ። ሲላስ ተነስቶ እግዚአብሔርን አመሰገነና "ጋሽ ኦይታም ጥፋቱን አምኖ አስተካክሎልኛል፤ ይቅር ብያለሁ" አለ። ሰው ሁሉ "አሜን" አለ። ኦይታ ወለሉን ያያል። እኔ ወንበሬን ጨምድጄ ያዝኩ።

እማማ አገኘሽ ተነሱ።

"እኔም ምስክርነት አለኝ" አሉ፣ ሁሉም እንዲገባው በአማርኛ። "የልጄን ቤት ያሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። እነሱ ምሳ ሲሄዱ ኦይታ የጠቀጠቀውን ጠጠር ቆፍሬ አወጣሁ። የሞተውን የባሌን ጓሮ አፈር ቀበርኩበት፤ እንዳይታወቅ ላዩን ጠጠር መለስኩበት። ባዕድ አምልኮ ነው ካላችሁ ጸልዩልኝ። እሱ አውቆ ዝም አለልኝ፤ እናንተ ደግሞ ስሙን በላችሁት።"

ከኋላ አንዱ በልማድ "አሜን" አለ። ማንም አልሳቀም። ሲላስ ፊቱ አመድ መሰለ። መጥቶ ኦይታ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ኦይታ በብብቱ ይዞ አነሳው። ሽማግሌው ኦይታን "የአዳራሹን መሬት መጥተህ እየው" አሉት። እኔም ወንበሬን ለቀቅኩ።

እማማ አገኘሽ ግን አልተቀመጡም። "ኦይታ" አሉት፣ "አፈሩን የት ጣልከው?"

"አልጣልኩትም፣ እናቴ። ደጄ ላይ አፍስሼ እንሰት ተክዬበታለሁ።"

"በዚህ ሙቀት? ይጸድቃል ብለህ ነው?"

"እንጃ። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ።"

ስንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ኮንክሪት እንጂ ተክል ሲያጠጣ አይቼው አላውቅም። ስለ ገረሴም ናፈቀኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

አሮጊቷ ቀረብ ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እኔ ለልጄ ስፈራ" አሉት፣ "እንግዳው ለካ አንተ ነህ።"

ኦይታ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ከእጃቸው ወጥቶ ጎንበስ አለና ወለሉን በመዳፉ ይዳብስ ጀመር። እኔም እንደ ለመድኩት ጀርባውን አየሁ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር።