ቀለበት የታየበት ጠላ

ከመታሰሬ በፊት ማን እንደነበርኩ ላስቀድም። ፊደል የቆጠርኩት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ቆሜ፣ በጆሮዬ ነው። ጠላ መጥመቅንም ማንም አላስተማረኝም፤ የሴት ሥራ ነው ብለው ሲስቁብኝ ጥንስሱን እያየሁ፣ ጌሾውን እየቀመስኩ ራሴ ደረስኩበት። አንኮበር ላይ ግብር ሲበላ በየጌቶቹ ቤት የሚፈለገው የእኔ ጠላ ነበር።

የቀድሞው ጌታዬ ሸፍቶ ቆላ ሲወርድ አልተከተልኩትም፤ ሌላ ጌታ ቤት ገባሁ። እዚያ አንድ ትልቅ እንግዳ ጠላዬን ጠጥተው ሆዳቸውን ቆረጣቸው። «ሽፍታው የላከው መርዘኛ ነው» ተባለና ያዙኝ።

የታሰርኩት እዚያው ጠላ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ አተላ አተላ ይሸታል። ቀኝ እጄን እንዲጠብቀኝ ከተመደበ አንድ የለሚ አገር ወታደር ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት አቆራኙት። የቤቱ አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ለእንግዳው የተቀዳበትን ጋን አሳየኝ።

«መርዝ የገባበት ጠላ አይጠራም። ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ። በብርሌ ቀድተህ የጌታዬ ቀለበት ሲጣልበት ከታች ካልታየ፣ ትሰቀላለህ።»

መርዝ አልነበረም፤ ጉሽ ነበር። ለእንግዳው ላሳይ ቸኩዬ፣ ሳይደርስ ምርጊቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን አልተናገርኩም። ግማሹ ፍርሃት ነው፤ ግማሹ የጠማቂ ኩራት መሆኑን እናንተ ታውቁታላችሁ።

የጋኑን አፍ በጭቃ መልሼ መረግሁት። ብርድ አተላውን ወደ ታች ያወርደዋልና ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራው ጋኑ እንዳይነቃነቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ወታደሩ እጁን ባነሳ ቁጥር ሰንሰለቱ ጋኑን ይነካል፤ እኔም ላብ ያጠምቀኛል።

«አያ ጠማቂ፣ ማከክም ተከለከለ?»

«እከክ። የምታከው ግን በእኔ አንገት ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ ሰንሰለቱን በኩታው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ያዘው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከፈትኩት። ላዩ ጠርቷል። መቅጃውን ቅል ሳወርድ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ጥቂት ዝቅ ቢል አተላው ይነሣል።

«ፈራህ እንዴ፣ አያ?»

«ብርዱ ነው።»

«እኔንም በርዶኛል» አለና በነፃ እጁ ክንዴን ከሥር ደገፈው። ብርሌውን እንዲያ ሞላነው።

ጌታው መጥተው ቀለበታቸውን ብርሌው ውስጥ ጣሉ። ከታች ቁጭ ብሎ ታየ። ተነፈስኩ። ያኔ አዛዡ «መጀመሪያ ቁራኛው ይቅመስ» አለ። የወታደሩ ፊት አመድ መሰለ፤ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሰንሰለቱ እጄን ጎተተው። መርዝ እንደሌለው አውቃለሁ፤ የጠጣ ሰው ሆዱን ቢነካው ግን እንደ መርዝ ይቆጠራል።

«የጠመቅሁት እኔ፣ የምቀምሰውም እኔ» ብዬ ጨለጥኩት። ቀለበቱ ጥርሴን መታው።

እስከ ቀትር አቆሙን። ሆዴ ዝም አለ። ብረቱ ተፈታ።

አሁን አርጅቻለሁ። ዛሬም ጋን ሲከፈት ጥርሴን ያመኛል። በሦስት ቀን የሠራሁትን ልቁጠረው፦ ጉሽ ጠላ አጠራሁ፤ አንገቴን ከገመድ አወጣሁ፤ የእኔን ጽዋ ሌላ ሰው እንዳይጠጣልኝ አደረግሁ፤ እየፈራሁም ቅሉን አልጣልኩም። ሁሉንም ያለ ማንም እርዳታ ነው የሠራሁት፤ ክንዴን የደገፈው ያ እጅ ሲቀር።