የባዶ ደብተር ጠበቃ

የአንድ መምህር ዘዴ ግማሽ ሣጥን ጋዝ ውሃ፣ አንድ ኪሎ ምስርና የወላጅ ኮሚቴ ወንበሬን አስከፍሎኛል።

አምቦ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፤ ከጎኑ ምስሩም ውሃውም አለ። የልጄ የሳይንስ መምህር ሰሌዳ ላይ ማስታወሻ የማይጽፍ ሰው ነበር። ይጠይቃል፤ ልጆቹ ራሳቸው ሞክረው እስኪደርሱበት ድረስ መልሱን አይነግራቸውም። አንድ ቀን ልጄ ብርጭቆ ጋዝ ውሃ ውስጥ ምስር ጨመረች። ምስሩ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ።

«አባዬ፣ ለምን ይመስልሃል?»

«ጋዙ ነዋ!»

«ጋዙ ከሆነ ወጥቶ ለምን አይቀርም?»

መምህሩ ሱቅ ሲመጣ ይህንኑ ጠየቅኩት። «እርስዎ ምን አዩ?» አለኝ። ስለ ዋጋ የጠየቀኝን ሰው እኔ እንዲህ ብለው ሱቁን ጥሎልኝ ይሄዳል። ልጄ ግን ጠርሙስ በጠርሙስ እየከፈተች ደረሰችበት፤ አረፋው ምስሩ ላይ ተለጥፎ ያነሳዋል፣ ላይ ሲደርስ ይፈነዳና ይጥለዋል። ከዚያ ወዲያ እቤት ውስጥ በግምት ማውራት ቀረ። አከፋፋዩ ዋጋ ሊጨምር ነው ስል፣ «ጠይቀኸው ነው ወይስ ገምተህ?» ትለኛለች።

ሌሎቹ ወላጆች ግን ትምህርትን የሚለኩት ደብተር ገልጠው ነው። ስብሰባ ተጠራ። አንድ አባት የልጁን ደብተር ከፍ አድርጎ አራገበው፦ «ይኸው! ጤፌን ሸጬ የገዛሁት ነው። ነጭ ሰጠሁ፣ ነጭ ተመለሰልኝ!»

ተነሣሁ። «ምስሩ ለምን እንደሚወርድ ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር» አልኩ።

«ኦቦ፣ ምስር ልትሸጥልን ነው እንዴ የመጣኸው?» አለ ሰውዬው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

መምህሩ በዘዴው ይቀጥል በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጥ ከእኔ እጅ ሌላ የወጣ እጅ አልነበረም። መምህሩ ማስታወሻ እንዲያስገለብጥ ታዘዘ፤ እኔም ከኮሚቴው በምስጋና ተሸኘሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ መሸነፌ አይደለም። ደብተር ሻጭ ለባዶ ደብተር ሲሟገት እያዩ፣ «ይሄ ሰው ምን አይቶ ነው?» ያለ አንድ ሰው እንኳ አለመኖሩ ነው።

ልጄም ከሰሌዳ መገልበጥ ጀመረች። አንድ ቀን አከፋፋዩ ዋጋ ሊጨምር ነው አልኳት።

«እሺ አባዬ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

በዚያ ዓመት ያስመጣሁት ደብተር ሁሉ ተሸጦ አልቋል። ከልጄ የመጣ ጥያቄ የለም።