ዝም የምትባለው ላም

ካዛንቺስ፣ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ፣ ፎቁ ሁሉ ከቦት፣ ከሆቴል ጋር በአጥር ተዋስኖ በቀረ ግቢ ውስጥ ወይዘሮ ስመኝ አንዲት ላም አላት፤ ቦራ። ቦራ መፅነስ እንቢ ካለች ከረመች፣ ወተቷም ነጠፈ። የስመኝ ልጅ መድኃኒት፣ «እማ፣ መሲና ሆናለች በቃ፣ ለፋሲካ ቅርጫ ትሁን» ማለት ከጀመረች ወዲህ ስመኝ እንቅልፍ የላትም። ከዚህች ላም ጋር ብዙ አሳልፋለች፤ ሥጋዋን ልትካፈል?

ያልወቀሰችው የለም። ፉርሽካውን፣ የሲሚንቶውን ወለል፣ የጎረቤትን ዓይን። ከሁሉ የባሰው ግን የደረሰው የኮርማ ዘር ይዞ እየመጣ ላሟን በሚያዳቅለው በተኽላይ ላይ ነው።

«የምታመጣው ዘር የሞተ ነው!»

«እትዬ ስመኝ፣ ዘሩ ምንም አልሆነም። ላም ኮርማ ስትሻ ትጮኻለች። ያኔ ቶሎ ካልጠሩኝ ሰዓቷ ያልፋል። እርስዎ በግምት ነው የሚጠሩኝ።»

«ጮኻ አታውቅማ! ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

ባሏ አጥናፉ በዚህ ወሬ ውስጥ የለበትም። የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ነው፤ ዕድሜውን «ዝም አይነቅዝም» ሲል የኖረ። ስለ ላም የጠየቀውም ሰው የለም።

ስመኝ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ኪዳን ሳታደርስ አትውልም። አንድ ቀን ግን ጉልበቷ ተይዞ ቀረች። ገና ሳይነጋጋ፣ «እምቧ!» የሚል ድምፅ ከአልጋዋ አስፈነጠራት። እያነከሰች ብትወጣ፣ አጥናፉ ጋቢውን ተከናንቦ የአተላ ባልዲ ከላሟ አፍ ስር ይዟል።

«እሽ፣ ቦራዬ፣ ዝም በይ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የሆቴሉ እንግዶች ተኝተዋል እኮ። ዘበኛው ከተቆጣኝ ወዲህ አንቺ ኪዳን ስትሄጂ በአተላ አባብላታለሁ። ደግሞ ሁልጊዜ አትጮኽም፤ በሦስት ሳምንት አንዴ ቢሆን ነው።»

ስንት ጊዜ ተኽላይን ሰድባለች!

«እና ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ሰውዬ?»

«አንቺ ስትቆጪ መግቢያ የት ይገኛል?»

ስመኝ ባልዲውን በእግሯ ደፋችው፣ ጉልበቷም አስጮኻት፤ ከዚያ ተኽላይ ጋ ደወለች። ሞተሩን አስነስቶ እየመጣ ነው። ቦራ ደግሞ «እምቧ!» አለች፤ የሆቴሉ መስኮት ተከፈተ፣ ዘበኛው በአጥሩ ላይ ያፏጭ ጀመር። አጥናፉ እጁ ወደ ባዶው ባልዲ ሄደ።

«ተዋት!» አለች ስመኝ። «ትጩህ!»

አጥናፉ ሚስቱን አየ፣ ላሟን አየ። ጋቢውን አስተካክሎ ወደ አጥሩ ሄደና፣ ስመኝ ከተጋቡ ጀምሮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ጮኸ።

«ትጩህ ተብሏል!»