ማንም የማይቆምበት ሽርሽር

ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ሥራ ሳገለግል ብዙ የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ያዘጋጀሁት ነው። ጉዳዩ ከሕመም በማገገም ላይ ያለ አንድ ሰው ከመርከብ ወርዶ ለሁለት ሰዓት ያህል የት ቢሄድ ይሻለዋል የሚል ነበር።

ሰውየው የቀድሞ አለቃዬ ናቸው። አገር ቤት ሳለን አሥራ አራት ዓመት በእርሳቸው ሥር ሠርቻለሁ። አሜሪካ ከመጣን ወዲህ እርሳቸው አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ጋር፣ እኔና ባለቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጠያየቅ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በበረዶው ወራት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሕክምናው ተሳካ፤ እርሳቸው ግን ከቤት መውጣቱን ተዉት። ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመዱ ቢያዝም፣ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ከመመላለስ አላለፉም። አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በሕንፃው መግቢያ ላይ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ጎረቤት እያየ በሰው ተደግፈው ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ የሚፈሩት ሞትን ሳይሆን ሰው ፊት መውደቅን ነበር።

ልጃቸው ለፀደይ ከባልቲሞር ወደ ቤርሙዳ የሚሄድ የመርከብ ጉዞ ትኬት ቆረጠችላቸው። እርሷ ከሥራዋ ፈቃድ ስላላገኘች አጃቢው እኔ ሆንኩ።

«ሪከቨር ማድረጉን ዶክተሩ ነግሮናል፤ ያላመነው አባዬ ብቻ ነው» አለችኝ በስልክ። «አንዴ እንደ ሰው ወርዶ፣ እንደ ሰው ዞሮ ከተመለሰ ያምናል። እዚያ ከወደቀ ግን ሁለተኛ ከቤት አናስወጣውም። ሽርሽሩን እርስዎ ይምረጡለት፤ እኔ ከመረጥኩት የልጅ ነገር ነው ይላል።»

የሐኪሙን ትእዛዝ አነበበችልኝ። ሃያ ደቂቃ መራመድ ይችላሉ፤ ለረጅም ጊዜ መቆም የለባቸውም። ሁለተኛውን በማስታወሻዬ ላይ ከመጀመሪያው በታች፣ እንደ ንኡስ ጉዳይ ቆጥሬ አሰፈርኩት።

ከመርከብ ኩባንያው የመጣው ብሮሸር ሰባት የወደብ ሽርሽሮችን ይዘረዝራል። በእያንዳንዱ ግርጌ የጫማ ሥዕል አለ፤ አንድ ጫማ ቀላል፣ ሦስት ጫማ አድካሚ ማለት ነው። ወረቀት አስምሬ ርቀቱን፣ ደረጃውን፣ ጥላውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቅርበት በየዓምዱ ሞላሁ። ዋሻው በደረጃው ወደቀ፤ የባሕር ዳርቻው በአሸዋው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጫማዎቹን በሙሉ በመጀመሪያው ዙር ሰረዝኳቸው። ያሸነፈው ባለ አንድ ጫማው የአሮጌው ከተማ የእግር ጉብኝት ሆነ፤ መንገዱ ሜዳ፣ ርቀቱ አጭር፣ አግዳሚ ወንበርም በየቦታው ያለው ነው። የውሳኔ ሐሳቡን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ባለቤቴ አንብባው «ማኅተም ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ። ቀልዷ ቢገባኝም ደስ አለኝ።

ያልተፈተነ ጥናት ግን አላምንም። አሌክሳንድሪያ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው የገበያ ጎዳና ርቀቱ ከቤርሙዳው ጉብኝት ጋር ይቀራረባል። ዓርብ ዕለት ብቻዬን ሄጄ እርምጃውን ቆጠርኩ፤ ወንበሮቹ ያሉበትንም ቦታ መዘገብኩ። ቅዳሜ እኔና ልጃቸው ተባብረን፣ በብዙ ልመና እርሳቸውን አስወጣናቸው። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ክራባታቸው የታሰረ ነበር።

ሁለት መቶ እርምጃ ሳንሄድ ከመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው አይቷቸው ሮጦ ወጣ። በቀድሞው መሥሪያ ቤታችን የክፍለ ሀገር ቅርንጫፍ ሠርቶ ኖሯል። ጤና ተጠያየቁ፤ ቤተሰብ ተጠያየቁ፤ በሕይወት ያለውንም የሌለውንም አነሡ። ወንበሩ በአጠገባችን ነበር። እርሱ ቆሞ ሳለ እርሳቸው ሊቀመጡ አልወደዱም። በሁለተኛው ወንበር ላይ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ከነዘንቢላቸው ተቀምጠው አገኘን። ሴትዮዋ ቦታ ሊለቁላቸው ጠጋ ሲሉ፣ እርሳቸው እጅ ነሥተው አመሰገኑና ሴትዮዋ ስለ አየሩ የጀመሩትን ወግ እስኪጨርሱ ቆመው አዳመጡ። ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነበር፤ ጥላም ነበረው።

«ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ።»

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ ምን ሲደረግ!»

«እንግዲያውስ እንሂድ» አሉና ሄድን።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ከንፈራቸው አመድ መስሎ ነበር። የብረቱን አጥር ጨብጠው ቆሙ። ያን ጊዜ ካደግሁበት ወግ ወጥቼ፣ ሳልጠይቅ ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸውና መኪናዬን ላመጣ ሮጥኩ። ቤታቸው አደረስኳቸው። ከመውረዳቸው በፊት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ጉዞው ይቅር በላት። በሰው አገር መሳለቂያ አልሆንም» አሉኝ።

በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ወደ ቤቴ ስመለስ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም ነበር። ርቀቱ ትክክል ነው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የያዝኩትን ማስታወሻ አነበብኩላት። የተራመድንበት ጊዜ ዐሥራ ስምንት ደቂቃ፤ የቆምንበት አርባ ሦስት።

«አንተስ የት ተቀምጠህ ነበር?» አለችኝ።

«እርሳቸው ሳይቀመጡ?»

እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች «አንተን ገትረው እንዴት ይቀመጡልህ?» አለች። «እግራቸውን ለካህ እንጂ ይሉኝታቸውን መች ለካህ!»

እውነቷን ነበር። እኒህ ሰው ቢሯቸው የገባ ባለጉዳይ ሳይቀመጥ ተቀምጠው አያውቁም፤ ለተላላኪ እንኳ ከወንበራቸው ይነሡ ነበር። እኔም እርሳቸው ሳይቀመጡ መቀመጥን አልለመድኩም። ይህን ጠባያችንን ዕድሜ ልኬን እኮራበት ነበር። በወንዙ ዳር ያደከማቸው ግን ልባቸው ሳይሆን ይኸው ነበር።

ሰንጠረዡን እንደገና አወጣሁና አንድ ዓምድ ጨመርኩበት፤ «የሚቆም ሰው አለ ወይ?» የሚል። ብሮሸሩ ላይ የእግር ጉብኝቱን ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አስጎብኚዋ ጥላ ይዛ ቆማ ታስረዳለች፤ ጎብኚዎቹ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። አለቃዬ ሴት ልጅ ቆማ እያስረዳች በደረጃ ላይ ሲቀመጡ ሊታየኝ አልቻለም። ያንን ሽርሽር በራሴ እጅ ሰረዝኩት።

ሰኞ ጠዋት ጉዞውን ወደሸጠልን ቢሮ ደወልኩና አስጎብኚዎቹ ቆመው ነው የሚናገሩት ወይስ ተቀምጠው ስል ጠየቅሁ። የቢሮው ሠራተኛ ጥያቄውን እንድደግምላት ለመነችኝ፤ ደገምኩላት። ቀጥላም የታመምኩት እኔ እንደሆንኩ በትሕትና ጠየቀችኝ፤ አይደለሁም አልኳት። በሦስተኛው ቀን መልሳ ደወለች። ወለሏ መስተዋት የሆነ፣ የባሕሩ ውስጥ ቁልጭ ብሎ የሚታይባት ትንሽ ጀልባ አለች። ከመነሻዋ እስከ መመለሻዋ ሰው ሁሉ የመቀመጥ ግዴታ አለበት። ከመርከቡ እስከ ጀልባዋ ድረስ አነስተኛ አውቶቡስ ያደርሳል፤ መሳፈሪያውም ደረጃ የሌለው፣ መደገፊያ ያለው ሳንቃ ነው። ብሮሸሩ ስለ ማዕበሉ ብሎ ሁለት ጫማ ስለሰጣት በመጀመሪያው ዙር የሰረዝኳት ጀልባ እርሷው ነበረች።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ስለ ልባቸውም ስለ ወንዙም ሳላነሣ፣ የጀልባዋን ደንብ ብቻ ወደ አማርኛ መልሼ አነበብኩላቸው። ድሮ ረቂቅ ሳቀርብላቸው እንደሚያደርጉት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ።

«ካፒቴኑም ተቀምጦ ነው?»

«ተቀምጦ ነው የሚነዳው፣ ጋሼ። አጣርቻለሁ።»

«አንተስ?»

እንደሚመጣ የማውቀው ጥያቄ ነበር። «እኔም እቀመጣለሁ። ከእርስዎ ቀድሜ።»

መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው አዩኝ። «ይህንንስ ሳላይ አልሞትም» አሉና ሳቁ። ከበር ጀርባ ስትሰማ የነበረችው ልጃቸው ሻንጣቸውን ማዘጋጀት የጀመረችው በዚያው ከሰዓት ነው።

ቤርሙዳ በደረስን ማግሥት ጀልባዋ ላይ ወጣን። ቃል በገባሁት መሠረት ቀድሜ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ቢያስቸግረኝም። እርሳቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ከእግራችን ሥር ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች በመንጋ ሲያልፉ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ የሚያስረዳውን ሰው በጥያቄ አጣደፉት። ስለ ድንጋዩ ዕድሜ ጠየቁ፤ ስለ ዓሦቹ መኖ፤ ስለ ወደቡም አስተዳደር። ሰዓቱ ሲያልቅ ፊታቸው ወዝ ተመልሶለት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከወረድን በኋላ ነው። የሚመልሰን አውቶቡስ ዘገየ፤ መንገደኛው ሁሉ ወደቡ ዳር ተሰልፎ ቆመ። ይህ በሰንጠረዤ ውስጥ አልነበረም። ሰዓቴን አየሁ፤ አምስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ምን ብዬ እንደማስቀምጣቸው ሳወጣ ሳወርድ፣ እርሳቸው ከሰልፉ ወጡ።

«እኔ ደክሞኛል፤ እቀመጣለሁ» አሉኝ። ያንኑ ደግሞ በእንግሊዝኛ ከኋላችን ለቆሙት ባልና ሚስት ተናገሩና በወደቡ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

ማንም አልሳቀ፤ ማንም አልተደናገጠ። ከባልና ሚስቱ ባልየው እንዲያውም ይህን ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ሄደው ጎናቸው ተቀመጡ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ለሦስት ወር ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ፤ ደክሞኛል ማለት የቻለ ሰው የትም ቢሄድ አያስፈራም።

አውቶቡሱ እስኪመጣ በወደቡ ካለው የሕዝብ ስልክ ለልጃቸው ደወልኩ። ሰላምታዬን እንኳ አልተቀበለችኝም።

«ወደቀ?»

«አልወደቁም።»

«ደከመው?»

«አዎ፣ ደከማቸው።»

«እንዴት አወቁ? አባዬ እኮ ቢደክመውም አይናገርም።»

«ነገሩኝ» አልኳት። «ሰው ሁሉ እየሰማ ነገሩኝ።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ አባቷን እንዳገናኛት ጠየቀችኝ። ዞር ብዬ ባይ፣ ጎናቸው ለተቀመጡት ሰውዬ የአንዱን ዓሣ መጠን በሁለት እጃቸው እያሳዩ ነበር፤ በእጆቻቸው መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ መሄዱንም አስተዋልኩ። አሁን ሥራ ላይ ናቸው፣ ማታ ይደውሉልሻል አልኳት።